43,000 ጠፍጣፋ እምነበረድ የተነሣለት ሕንፃ

የውጭ ግድግዳ በእምነበረድ ሊለበስ ሲል ባለቤቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ቀለሙና ስለ ካሬው ዋጋ ነው። ቺካጎ ውስጥ ዛሬ ኤኦን ሴንተር በሚባለው ሕንፃ ላይ የደረሰው ግን ከሁለቱ በፊት ሌላ ጥያቄ፣ ድንጋዩ ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቅበት ይጎብጣል ወይ የሚለው፣ መቅደም እንዳለበት ያሳያል።

እ.ኤ.አ. በ1973 የተጠናቀቀው ይህ ባለ 83 ፎቅ ሕንፃ 43,000 ያህል ጠፍጣፋ የካራራ (የጣሊያን) ነጭ እምነበረድ ለብሶ ነበር። ክብደት ለመቀነስ ድንጋዩ በ32 ሚሊ ሜትር ውፍረት ተቆረጠ። ገና በመጀመሪያዎቹ ጊዜያት አንዱ ተነቅሎ ወድቆ የጎረቤት ሕንፃ ጣሪያ በሳ። በ1985 በተደረገው ምርመራ ብዙዎቹ ተሰንጥቀውና ጎብጠው ተገኙ። ለጊዜው በስቴንለስ ስቲል ማሰሪያ ተያዙ፤ ከ1990 እስከ 1992 ባለው ጊዜ ግን ሁሉም ተነሥተው 50 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ነጭ ግራናይት ተተኩ። ወጪው 80 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ደረሰ።

ጥፋቱን በውፍረቱ ላይ ብቻ መጫን ግን ትክክል አይደለም። የካራራ እምነበረድ ካልሳይት ከሚባል ማዕድን የተሠራ ነው። የካልሳይት ቅንጣት ሲሞቅ በአንድ አቅጣጫ ይለጠጣል፣ በሌላው ይሰበሰባል። ጎን ለጎን ያሉ ቅንጣቶች በየአቅጣጫው ሲገፋፉ በመካከላቸው ያለው ድንበር ይላቀቃል፤ ሲቀዘቅዙም ወደ ነበሩበት ሙሉ በሙሉ አይመለሱም። እርጥበት ሲጨመርበት ይብሳል። ድንጋዩ ይጎብጣል፣ ጥንካሬውም ይወርዳል። ሄልሲንኪ የሚገኘው የፊንላንዲያ አዳራሽ የጎበጠው የካራራ ልባሱ በ1990ዎቹ መጨረሻ በዚያው ዓይነት ድንጋይ ቢተካም እንደገና ጎበጠ።

ይህ እምነበረድን በሙሉ አያስኮንንም። ቅንጣቶቹ ቀጥ ባለ ድንበር የተገጣጠሙ ድንጋይ ቶሎ ይላቀቃል፤ ድንበራቸው ተጠማዝዞ የተቆላለፉት ግን በጣም የተሻለ ይቆያሉ። በዓይን አይለይም። ስለዚህ የአገር ውስጡ የዳለቲም ይሁን የውጭ፣ ከተመረጠው የድንጋይ ማውጫ ናሙና ወስዶ ማስፈተን ያስፈልጋል። የአውሮፓው ኢኤን 16306 ፍተሻ የናሙናውን ሥር አርጥቦ ላዩን እስከ 80 ዲግሪ እያሞቀ ደጋግሞ ያቀዘቅዘዋል፤ ጉብጠቱና የመታጠፍ ጥንካሬው በፊትና በኋላ ይለካል። ሻጩ ይህን ውጤት ማቅረብ ካልቻለ ድንጋዩን ለወለል እንጂ ለውጭ ግድግዳ አለመግዛት ነው የሚሻለው።

አዲስ አበባ ላይ ውርጩ እንደ ቺካጎ ባይከብድም ቀን የሚግል ሌሊት የሚቀዘቅዝ ግድግዳ አለ። 2 ሴንቲ ሜትር እምነበረድ በሲሚንቶ ሞርታር ብቻ ሲለጠፍ የክረምቱ ውኃ ከጀርባ ይቀመጣል፣ ፊቱን ፀሐይ ይመታዋል። ይኸው ነው ከሁሉም የከፋው። ከጀርባው 30 ወይም 40 ሚሊ ሜትር የአየር ክፍተት ትቶ እያንዳንዱን ድንጋይ በአራት የስቴንለስ ስቲል ፒን መያዝ ይገባል። ውፍረቱም ከ3 ሴንቲ ሜትር ባይወርድ፦ ለፒኑ 8 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ጠርዙ ላይ ሲበሳ፣ በ3 ሴንቲው ድንጋይ በየጎኑ 11 ሚሊ ሜትር ይተርፋል፣ በ2 ሴንቲው 6 ብቻ። ብዙ ጊዜ የሚሰበረውም እዚያ ነው።

ወደ ግራናይት መዞር የሚፈልግ መዋቅሩን አስቀድሞ ያስላ። 32 ሚሊ ሜትር እምነበረድ በካሬ 86 ኪሎ ግራም ገደማ ሲመዝን፣ 50 ሚሊ ሜትር ግራናይት 135 ይደርሳል።

መጋጠሚያው ላይ ኮምጣጤ የሚሸት ሲሊኮን አይግባ፤ አሲዱ ካልሳይቱን ይበላዋል። ድንጋይ የማያበላሽ ተብሎ የተሠራውን መጠቀም ነው።

ቀድሞ የተለበሰ ሕንፃ ያለው ሰው ስታጃ (ቀጥ ያለ ረጅም ማስተካከያ) ድንጋዩ ላይ አስጠግቶ በመካከላቸው ያለውን ክፍተት ይለካ፦ ወደ ውስጥ የሰረጎደውን መሐሉ ላይ፣ ወደ ውጭ የጎበጠውን ጫፎቹ ላይ። ቁጥሩን ከነቦታው መዝግቦ በዓመቱ በተመሳሳይ ሰዓት ይድገመው። ክፍተቱ ካደገ፣ መሐንዲስ እስኪመጣ ድረስ ከሥሩ ያለው የእግረኛ መንገድ መታጠር አለበት።