25 ድል፣ 57 ሽንፈት

ዛሬ የእረፍት ቀኔን ያሳለፍኩት የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ክለብ ቦስተን ሴልቲክስ ከእ.ኤ.አ. 2013 ጀምሮ ያደረጋቸውን ዝውውሮች አንድ በአንድ መልሼ በማየት ነው። በዚያ ዓመት አሰልጣኙ ዶክ ሪቨርስ ወደ ሎስ አንጀለስ ክሊፐርስ ሲሄዱ፣ ክለቡ በምትካቸው የ2015 የመጀመሪያ ዙር የተጫዋች ምርጫ (ክለቦች በየዓመቱ ወደ ሊጉ ከሚገቡ አዳዲስ ተጫዋቾች በተራ የሚመርጡበት መብት) አገኘ፤ አሰልጣኝ እንደ ተጫዋች መለወጡ ዛሬም ይገርመኛል። ብዙ ሳይቆይ የ2008ቱን ዋንጫ ያመጡት ፖል ፒርስና ኬቨን ጋርኔት ወደ ብሩክሊን ኔትስ ተሸኙ፤ በለውጡም የ2014፣ የ2016ና የ2018 የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎች፣ እንዲሁም በ2017 የራሱን የምርጫ ተራ ከብሩክሊን ተራ ጋር የመቀያየር መብት ተገኘ።

ሪቨርስን የተካው፣ ከኮሌጅ ቅርጫት ኳስ የመጣው የ36 ዓመቱ አሰልጣኝ ብራድ ስቲቨንስ በመጀመሪያ የውድድር ዘመኑ 25 ጨዋታ አሸንፎ በ57ቱ ተሸነፈ። ያኔ «ይህ ሰው ይሰናበት» እያልኩ መከራከሬ ትዝ ብሎኝ አፈርኩ፤ ክለቡ ግን ታግሦታል።

ረጅም ጊዜ የቆየሁት በ2017ቱ ውሳኔ ላይ ነው። ከብሩክሊን በተገኘው የ2016 ምርጫ ጄለን ብራውን በሦስተኛነት ከተወሰደ በኋላ፣ በቀጣዩ ዓመት በመቀያየር መብቱ የተገኘው አንደኛው ምርጫ በእጃቸው ሳለ ለፊላደልፊያ ክለብ አሳልፈው በመስጠት ወደ ሦስተኛ ወረዱ፤ ጄሰን ቴተምንም ወሰዱ፣ ተጨማሪ ምርጫም አተረፉ። እንዲህ ያለው ድፍረት እኔ ዘንድ የለም።

በ2021 ስቲቨንስ ከአሰልጣኝነት ወደ ክለቡ የቅርጫት ኳስ ኃላፊነት ተዛወረ፤ በ2023 ደግሞ ደጋፊው አብዝቶ የሚወደውን ማርከስ ስማርትን አሰናብቶ ክሪስታፕስ ፖርዚንጊስን አመጣ። ሴልቲክስ በ2024 18ኛ ዋንጫውን ሲያነሳ ስማርት የሜምፊስ ተጫዋች ነበር።