ፍላሹ ያጋለጠው የሙሽሪት ሜካፕ

ጅማ ውስጥ የሰርግ ፎቶና ቪዲዮ ነው የምሰራው፣ እና ካሜራ ማን ሆነህ ሜካፕ አያገባኝም ማለት አትችልም፤ ሙሽራዋ ፎቶ ላይ ከተበላሸች ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚይዘው አንተን ነው።

ጥር ላይ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ሰርግ ነበረን። ሙሽሪት ከአይኗ ስር ጠቆር ይላል፣ እናቷም እንደዛው ናቸው፣ የዘር ነው በቃ። ላዩ ላይ ደግሞ የሂናው ማታ እንቅልፍ የለም። ግን የኛ ከተማ ሰው መች እንደዛ ብሎ ይተወዋል፣ አይን ስር ከጠቆረ ጫት ነው ብሎ ይደመድማል። አክስትየዋን ያስጨነቃቸው ይሄ ነበር። ሜካፕ የምትሰራዋ ልጅ አናት ላይ ቆመው "ነጣ አድርጊው የኔ ልጅ፣ ስትቅም ያደረች እንዳትመስልብን" ይሏታል፣ ትንሽ ቆይተው ደግሞ "አሁንም ጨምሪ" ይላሉ። ልጅቷ ከሙሽራዋ ቆዳ በጣም የነጣ ኮንሲለር፣ ማለትም ጥቁረት የሚሸፍን ቅባት፣ ደራረበች፣ ከዛ ነጭ ፓውደር ቆለለችበትና ቤኪንግ ነው ብላ አቆይታ ጠረገችው። መስታወት ላይ እኮ ያምር ነበር።

ሳሎኑ ጨለም ስለሚል ፍላሽ አርጌ አነሳኋት። ስክሪኑን ሳየው ከሁለቱም አይኖቿ ስር ነጭ በነጭ፣ ዙም ሳደርገው ደግሞ ጠርዙ ላይ ግራጫ ሆኖ ጥቁረቱ ከስር ይታያል። አክስትየዋ በትከሻዬ አሾልከው አዩትና "ወይኔ ልጄን! ዱቄት ስትነፋ የዋለች አስመሰላችኋት!" ብለው ጮሁ። ሜካፕ የምትሰራዋ "ካሜራህ ነው" አለችኝ። ካሜራውን ሰጠኋት፤ የሙሽሪትን እጅ አነሳች፣ ጠይም ሆኖ ደህና ወጣ፣ ፊቷን ድጋሚ አነሳች፣ የአይኗ ስር ነጭ። ዝም አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብዙ ፓውደር ውስጥ ሲሊካ ወይም ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ይኖራል፣ የፍላሹን ብርሃን ተቀብለው ወደ ሌንሱ መልሰው ይረጩታል፣ መስታወት ፊት ስትቆም ፍላሽ ስለሌለ አይታይህም። አንዳንድ የጸሐይ መከላከያ ቅባትም በዚሁ ምክንያት ፎቶ ላይ ነጭ ያደርጋል። ስለዚህ ጥፋቱ የማንም ካሜራ አይደለም።

ልጅቷ ግን ጎበዝ ናት፣ ይሄን አልክድም፣ ሰው ቆሞባት ነው እንጂ ስራውን ታውቀዋለች። አክስትየዋን ሻይ እንዲያፈሉልን ላክናቸውና በሩን ዘጋች። የአይኗን ስር በጥጥ ሳታሽ ቀስ አርጋ ጠረገች፣ እርጥበት የሚሰጥ ክሬም በስሱ ቀብታ እስኪመጠጥ ጠበቀች፣ ደረቅ ቆዳ ላይ ከተቀባ መስመር መስመር ይሰራል አለችኝ። ከዛ ብርቱካንማ ኮሬክተር፣ ከኮንሲለር በፊት የሚቀባ ቀለም ማስተካከያ፣ አወጣች። የአይን ስር ጥቁረት ብዙ ጊዜ ወደ ሰማያዊና ወይን ጠጅ ያደላል፣ ነጣ ያለ ነገር ብቻ ስትደርብበት ግራጫ ይሆናል፣ ብርቱካንማው ግን ሰማያዊውን ያጠፋዋል፤ ጠይም ላይ ብርቱካንማ፣ ቀላ ላለ ሰው ፒች፣ ቀለል ያለው ብርቱካንማ ማለት ነው። በቀለበት ጣቷ፣ ያቺ ጣት ብዙ ስለማትጫን፣ የጠቆረው ቦታ ላይ ብቻ ጠብ ጠብ አደረገች፣ ጉንጭ ድረስ አልወሰደችውም። በላዩ ላይ ከፊቷ ቀለም ጋር እኩል የሆነ ኮንሲለር በጣም በስሱ፣ ፓውደር የሚባለው በብሩሽ ጫፍ ብቻ። እኔም ፍላሹን ወደ ላይ አዞርኩት፣ ነጭ አቡጀዲ ኮርኒስ ነበር፣ ብርሃኑን ለስለስ አርጎ መለሰልን። አለቀ። አክስትየዋ ተመልሰው ሲያዩዋት "ይኸው፣ መጀመሪያ እንዲህ አታደርጊውም ነበር?" አይሉም መሰላችሁ!

ከዛ ጅሬን አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ለፎቶ ወጣን፣ ስድስት ሰዓት ተኩል፣ ጸሐይዋ አናት ላይ። የመጀመሪያውን እንዳነሳሁ አክስትየዋ "መልሶ ጠቆረ!" አሉ። ይሄኛው ሜካፕ አይደለም፣ ጥላ ነው። የአይኗ ስር ጎድጎድ ስለሚል ጸሐይ ከላይ ስትመጣ ጥላው እዛ ውስጥ ይተኛል፣ የፈለግከውን ያህል ብትቀባው አይለቅህም። ከእንጨቱ በረንዳ ስር አስገባኋት፣ ሚዜዋ ሪፍሌክተሩን፣ ብርሃን የሚመልሰውን ሰሌዳ፣ ከታች ያዘችልኝ፣ በቃ ጠፋ።

መኪና ውስጥ ደግሞ ያቺው ሚዜ ከቦርሳዋ ቲዩብ አውጥታ "እኔ እኮ ይሄን እየቀባሁ ነው፣ ያነጣል" ብላ አሳየችን። ስቴሮይድ ያለበት ክሬም ነው፣ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ የገዛችው። ሜካፕ የምትሰራዋ እንዴት እንደተቆጣቻት! ስቴሮይድ ቆይቶ ቆዳ ያሳሳል፣ የአይን ስር ቆዳ ደግሞ ድሮም ስስ ነው፣ ሲሳሳ ደም ስሩ ይበልጥ ይታይና ጭራሽ ይጠቁራል፤ አይን ጋ ሲደጋገም የአይን ግፊት የመጨመር አደጋም አለው። ቆዳ ሐኪም ጋ ሂጂ አለቻት። ሚዜዋ አኩርፋ እስከ አዳራሽ አላናገረችንም።

ማታ አክስትየዋ የጠዋቶቹን ፎቶዎች እያየሁ አጥፋልኝ አሉኝ፣ እሺ እናቴ ብዬ ላጠፋ ስል ሜካፕ የምትሰራዋ አንዷን ላክልኝ ብላ ለመነችኝ፣ ነጣ አድርጊልኝ ለሚሉ ደንበኞች ላሳያቸው ብላ። ሙሽሪትን ጠየቅናት። "አይኔ ብቻ ከሆነ ውሰጂው" ብላ ሳቀች፣ ቆርጬ ላኩላት።