የተረከዝ ጅማት ማገገሚያ መዝገብ፦ ልምምዱን የሚፈርደው ማግስቱ ነው

የባት ጡንቻን ከተረከዝ አጥንት ጋር የሚያያይዘው ጅማት (አኪለስ የሚባለው) ሲታመም የፊዚዮቴራፒው እንቅስቃሴ ለማንም አይከብድም። የሚከብደው መጠኑን ማወቅ ነው። እዚህ የሰፈረው በየሳምንቱ ምን ያህል፣ በምን ፍጥነት እንደሚሠራና ብዙ ጊዜ የት ላይ እንደሚበላሽ ነው።

መጀመሪያ ልምምድ የማይነካውን እንለይ። ከኋላ በድንጋይ የተመቱ ያህል ተሰምቷችሁ የመበጠስ ድምፅ ከነበረ፣ በታመመው እግር ብቻ በጣት መቆም ካቃታችሁ፣ ወይም በሆዳችሁ ተኝታችሁ ሌላ ሰው ባታችሁን ሲጨምቀው እግራችሁ ካልተንቀሳቀሰ ጅማቱ ተበጥሶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። ባቱ ራሱ ካበጠ፣ ከሞቀና ከቀላም የደም መርጋት ሊሆን ይችላልና አትጠብቁ።

ከዚያ ህመሙ ያለበትን ቦታ በጣታችሁ ፈልጉ። ጅማቱን ከግራና ከቀኝ ቆንጥጣችሁ ከታች ወደ ላይ ውጡ። የሚያመው ከተረከዙ አጥንት ከ2 እስከ 6 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ከሆነ የመሀል ጉዳት ነው። አጥንቱ ላይ የሚጣበቅበት ቦታ ከሆነ ግን ሕጉ ይለያል፤ ተረከዛችሁን ከወለል በታች አታውርዱ። ተረከዝ ከደረጃ ጠርዝ ላይ ወደ ታች ሲወርድ ጅማቱ አጥንቱ ላይ ይጫናል፤ የሚያባብሰውም ይኸው ጫና ነው። ደረጃ ላይ የሚሠራውን ልምምድ በቪዲዮ አይተው የጀመሩና «ፊዚዮቴራፒ አልሠራልኝም» የሚሉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ህመማቸው እዚህ ቦታ ነው። ግድግዳ ተደግፎ ባትን መሳብም ለእነዚህ ሰዎች ይቅር።

ሙሉ ዕረፍት የማይፈውሰው፣ ጅማት የሚጠነክረው ጭነት ሲያገኝ ስለሆነ ነው። ሁለት ሳምንት ቢያርፉ ህመሙ ይጠፋል፣ ባቱ ግን ይደክማል፤ በመጀመሪያው ሩጫ ህመሙ ይመለሳል። በሌላ በኩል ከከባድ ጭነት በኋላ ባሉት 24 ሰዓታትና ከዚያም ትንሽ አልፎ በጅማቱ ውስጥ የሚፈርሰው ኮላጅን (ጅማት የሚሠራበት ፕሮቲን) ከሚገነባው ይበልጣል። ከባድ ልምምድ በየሁለት ቀኑ እንዲሆን የምመክረው በዚህ ምክንያት ነው።

በየቀኑ የምትይዙት መዝገብ ዋና ዓምድ እንግዲህ ጠዋት ነው። ከአልጋ ወርዳችሁ የመጀመሪያዎቹን 10 እርምጃዎች ስትራመዱ የሚሰማችሁን ህመም ከ0 እስከ 10 ቁጥር ስጡት፤ ጅማቱ እንደተገተረ ስንት ደቂቃ እንደቆየም ጻፉ። ቀጥሎ ትናንት የሠራችሁትን ዙር፣ ድግግሞሽና ኪሎ፣ እንዲሁም በልምምዱ ወቅት የነበረውን ህመም አስፍሩ። የተለየ ነገር ካለ (አዲስ ጫማ፣ ረጅም መንገድ) በአንድ ቃል ይበቃል። የፊዚዮቴራፒ ተመራማሪዋ ካሪን ሲልበርናግል እና ባልደረቦቿ በስዊድን የተጠቀሙበት ሕግ በልምምድ ወቅት እስከ 5 የሚደርስ ህመምን ይፈቅዳል፤ ግን በማግስቱ ጠዋት ወደ ነበረበት መመለስ አለበት፣ ከሳምንት ሳምንትም መጨመር የለበትም። የጠዋቱ ቁጥር ከ2 ወደ 4 ቢዘል ልምምዱን አታቁሙ፤ ወደ ቀደመው ክብደት ተመለሱና ሁለት ጠዋት ጠብቁ።

በሳምንት 1 እና 2 ወለል ላይ በሁለት እግር በጣት መነሳት፣ 3 ዙር በ15 ድግግሞሽ። 3 ሰከንድ ወደ ላይ፣ ጫፍ ላይ ትንሽ ቆም፣ 3 ሰከንድ ወደ ታች። እጅ ግድግዳውን በጣት ጫፍ ብቻ ይንካ። ይህም ከ5 በላይ ካመመ ተረከዙን በግማሽ ከፍታ አንስቶ 45 ሰከንድ መቆየት፣ 5 ጊዜ፣ በመካከሉ 2 ደቂቃ ዕረፍት። 1 ሴንቲሜትር ያህል ከፍታ ያለው የተረከዝ ማስገቢያ በሁለቱም ጫማ ውስጥ ቢገባ የዕለት መንገዱን ያቀላል። በአንዱ ብቻ ካስገባችሁ ዳሌ ይዛባል።

ከሳምንት 3 ጀምሮ ሁለት መንገድ አለ። ስዊድናዊው ሐኪም ሆካን አልፍሬድሰን በ1998 ያቀረበው በጤነኛው እግር በጣት ተነስቶ ተረከዝን በታመመው ብቻ ማውረድ ነው፤ ጉልበት ተዘርግቶ 3 በ15፣ ጉልበት ታጥፎ 3 በ15፣ በቀን ሁለቴ፣ ለ12 ሳምንት። በቀን 180 መውረድ ማለት ነው! ይሠራል፣ ግን ያሰለቻል፤ ብዙዎች ሳይጨርሱት ይተዉታል። በ2015 የወጣ የዴንማርክ ጥናት በሳምንት 3 ቀን ብቻ በከባድ ክብደት ቀስ ብሎ መሥራት ተመጣጣኝ ውጤት እንደሰጠ አሳይቷል፤ እኔ የምመርጠው ይህን ነው። በዚህ ልምምድ የመጀመሪያ ሳምንት በጣት 15 ጊዜ ብቻ ለመነሳት የሚያስችል ክብደት በ3 ዙር፤ በየሳምንቱ ክብደቱ እየጨመረ ድግግሞሹ ወደ 12፣ 10፣ 8 እየወረደ፣ ዙሩ ወደ 4 ከፍ እያለ፣ ከ9ኛው ሳምንት ጀምሮ 4 ዙር በ6። ክብደት ከሌላችሁ የጀርባ ቦርሳ ውስጥ የውኃ ጠርሙስ አስገቡ፤ 1 ሊትር 1 ኪሎ ነው። ጉልበት ታጥፎ የሚሠራው አይዘለል፤ በሩጫ ወቅት ትልቁን ሸክም የሚሸከመው ጉልበት ሲታጠፍ የሚሠራው የውስጠኛው የባት ጡንቻ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጦ ክብደቱን ጭን ላይ፣ ጉልበት አጠገብ ማድረግ ይቻላል።

ስህተቶቹ ተመሳሳይ ናቸው። እግር ጫፍ ላይ ሲደርስ ወደ ትንሿ ጣት ይንሸራተታል፤ ሸክሙ በአውራ ጣትና በሁለተኛው መካከል ይሁን። ጉልበት ሳይታወቅ ይታጠፍና ሥራውን ጭን ይወስዳል። ከሁሉም የሚያታልለው ግን ከፍታው ነው። የታመመው እግር 20 ጊዜ ሊነሳ ይችላል፤ ግን ከጤነኛው ዝቅ ብሎ ነው፣ ቁጥሩም ይህን ይደብቃል። ግድግዳ ላይ የራሳችሁን አናት ከፍታ ለሁለቱም እግር በእርሳስ ምልክት አድርጉና በየሁለት ሳምንቱ ለኩ።

ከ4ኛው እስከ 6ኛው ሳምንት ምንም ለውጥ የማይታይበት ጊዜ ይመጣል፤ ፕሮግራም ለመቀየር መጥፎ ሰዓት ነው። ጅማቱ ላይ የሚዳሰሰው ውፍረትም ህመሙ ከጠፋ በኋላ ሊቀር ይችላል፤ በእሱ እድገታችሁን አትለኩ። ኢንፌክሽን ይዟችሁ ሐኪም ሲፕሮፍሎክሳሲን ወይም ሌቮፍሎክሳሲን ሊያዝ ከሆነ የጅማቱን ጉዳይ ንገሩት፤ እነዚህ መድኃኒቶች ጅማት የመበጠስ አደጋ እንዳላቸው ማስጠንቀቂያ ተጽፎባቸዋል። ጅማቱ ውስጥ ስቴሮይድ መወጋትም እንዲሁ አደገኛ ነው።

ወደ ሩጫ ለመመለስ የጠዋቱ ህመም ከ2 ያልበለጠ፣ በአንድ እግር በሙሉ ከፍታ መነሳቱም ቢያንስ ከጤነኛው 90 በመቶ ይሁን፤ ወደ 25 ጊዜ ቢደርስ ይመረጣል። መጀመሪያ በሁለት እግር ትንንሽ ዝላይ 3 በ20፣ ያለ ችግር ካለፈ በአንድ እግር። ቀጥሎ 1 ደቂቃ ሩጫና 2 ደቂቃ እርምጃ፣ 8 ጊዜ፣ ሜዳ ላይ። በሩጫዎች መካከል መጀመሪያ ሁለት ቀን ይለፍ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይጨመር፤ ቅድሚያ ርቀት፣ ከዚያ ፍጥነት፣ ዳገት በመጨረሻ፤ ዳገት ላይ ጅማቱ ተለጥጦ ነው የሚሸከመው። ከባዱ የክብደት ልምምድ በሳምንት 2 ቀን ይቀጥል፤ የሚመረጠውም ከሩጫው በኋላ በዚያው ቀን ነው፣ የዕረፍቱ ቀን ሙሉ ዕረፍት እንዲሆን።