ቡና ብሆን ኖሮ

ሐምሌ ሲገባ ሁሉም ነገር ያስጠላኛል። ዛሬም የተለየ ነገር አልተፈጠረም። ጃኬቴን ከቁም ሣጥን አወጣሁ፣ አሸተትኩት፣ መልሼ ሰቀልኩት። ያው ሻጋታ ነው። የመውጣት ፍላጎቴ እዚያው ሞተ።

አከራዬን ማዘርን ታውቋቸዋላችሁ። ባለፈው የሻገተውን ግድግዳ ሳሳያቸው «መስኮት አትከፍትም እኮ ልጄ» አሉኝ። ብከፍትስ ምን ይገባል? ዝናብ ነዋ! ጅማ እኮ ነን፤ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ያህል የሚወርድባት ከተማ። «እዚሁ ትቀቅላለህ፣ እዚሁ ልብስ ታሰጣለህ» ብለው ጨመሩ። እሱስ እውነት ነው። በክረምት የት ላስጣው?

አንድ ሕግ የተማረ ጓደኛዬ የነገረኝን ሳብላላው ቆየሁ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ቤቱን በደህና ሁኔታ ጠብቆ ማቆየት የአከራይ ግዴታ ነው። የበር፣ የመስኮት፣ የቧንቧ ጥቃቅን ጥገና የተከራይ ነው፤ ጉዳቱ ከቤቱ እርጅና ከመጣ ግን እሱም ተከራይን አይመለከትም። ስለዚህ ክርክሩ ሁሉ ውሃው ከየት መጣ ነው። ከመሬት የሚወጣው ልስኑን ከሥር እያረገፈ ሽቅብ ይሄዳል። ከጣሪያ የሚመጣው ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ይሥላል። እነዚህ የማዘር ናቸው። የድስቴ እንፋሎትና የራሴ ትንፋሽ ደግሞ ቀዝቃዛ ግድግዳ ሲያገኙ ውሃ ይሆኑና ቁም ሣጥኑ ጀርባ ጥቁር ነጠብጣብ ያበቅላሉ። ይሄ እንግዲህ የእኔ ነው በሉት። ችግሩ፣ የኔዋ ክፍል ሁሉንም አሟልታለች። አሸንዳው ተገንጥሎ ውሃውን ቀጥታ ግድግዳው ሥር ይተፋዋል። የማዘር መፍትሔ «ለእንቁጣጣሽ ቀለም እናስቀባዋለን» ነው። እርጥብ ግድግዳ ላይ የተቀባ ቀለም የት እንደሚደርስ የኮርኒሱን ጥግ ማየት ነው።

በ2016 የወጣው የኪራይ አዋጅ ደግሞ ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ከ2 ዓመት አይነስ ይላል፤ የሚሠራውም በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋና ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ነው። የእኔና የማዘር ውል በቃል ነው። ምስክራችን ደላላው ነበር። ደላላው ስልክ ቀይሯል።

ግን ዛሬ ያብሰለሰለኝ ሕጉ አይደለም። ይቺ ክፍል ድሮ የቡና መጋዘን ነበረች። ማዘር ራሳቸው ናቸው በኩራት የነገሩኝ፤ ባለቤታቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ቡና ነጋዴ ነበሩ። የዚህ ከተማ ሰው ስለ ሻጋታ ከማንም በላይ ያውቃል። ቡና እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ ሳይወርድ ጆንያ ውስጥ አይገባም። ከገባም በኋላ መሬት አይነካም፣ በጣውላ ርብራብ ላይ ይደረደራል። ከግድግዳም ይርቃል። አንዴ ሻጋታ ከመታው ሽታው ቢቆላም አይለቅም፤ ቀማሹ አንድ ፉት ብሎ ያውቅበታል። ታዲያ ጆንያው ሲሻግት «ቡናው ነው እኮ የተነፈሰው፣ መስኮትም አልከፈተ» ያለ ነጋዴ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ጣሪያው ይታያል፣ ወለሉ ይታያል። እዚሁ ክፍል ውስጥ፣ ከእኔ በፊት፣ ለጆንያ እንዲህ ይደረግ ነበር። ቡናው ደግሞ ኪራይ አይከፍልም!

እኔንስ ቀማሽ ቢቀምሰኝ ስንተኛ ደረጃ እወጣ ይሆን?

ለማንኛውም አልጋዬን ከግድግዳው ክንድ ያህል ሳብኩት። ከሥሩ ርብራብ ላስገባ አስቤያለሁ፤ በገዛ እጄ ጆንያ ሆኛለሁ ማለት ነው። የጣውላውን ዋጋ ከኪራዩ ይቀንሱልኝ እንደሆን ማዘርን ልጠይቅ ነበር። ግን ወሩ ሊሞላ ነው። እሳቸው ደግሞ ስለ ገንዘብ ከተነሳ ጭማሪ ትዝ ይላቸዋል። አሸንዳውን ብቻ ላንሳላቸው ይሆን፣ ወይስ ዝም?