ዮናስን ከዕብራይስጥ ስተረጉም፦ ሦስት ቀን ወይስ አርባ?

ትንቢተ ዮናስን ከዕብራይስጥ ወደ አማርኛ ለመመለስ የምታስቡ ካላችሁ፣ የሰዋስው መጽሐፍ ከመግዛታችሁ በፊት አሠሪዎቻችሁን አንድ ወረቀት አስፈርሙ። ምን የሚል ወረቀት እንደሆነ እደርስበታለሁ። ለእኔ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ትርጉሙ ራሱ ያን ያህል አያስቸግርም። መጽሐፉ አራት ምዕራፍ፣ 48 ቁጥር ነው፤ ከምዕራፍ ሁለት ጸሎት በቀር ትረካ ስለሆነ ግሶቹ እየተመላለሱ ይመጣሉ። ጀማሪን በዘፍጥረት የሚያስጀምሩ መምህራን አሉ፤ እኔ አልስማማም። በዮናስ ወይም በሩት ጀምሩ፣ መዝሙርን ለኋላ አቆዩት። ግእዝና ዕብራይስጥ ዘመዳሞች ሆነው ሳለ፣ ግእዝ የሚያውቅ ሰው ዕብራይስጥን በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ብቻ ሲማር ሳይ ደግሞ ይገርመኛል፤ የጎረቤቱን ወሬ ባሕር ማዶ ደውሎ እንደሚጠይቅ ሰው ነው። የቁጥር አቆጣጠሩንም ልብ በሉ፦ ዓሣው በዕብራይስጡ 2፥1 ላይ ሲመጣ በብዙዎቹ የእንግሊዝኛ ትርጉሞች 1፥17 ላይ ነው።

ጣጣው የመጣው 3፥4 ላይ ነው፤ ዮናስ ነነዌ ገብቶ የሚሰብክበት። የተጠቀምኩበት ዕብራይስጥ በ1008 እ.ኤ.አ. አካባቢ የተጻፈውንና ዛሬ ሴንት ፒተርስበርግ የሚገኘውን ብራና ተከትሎ የታተመው ነው። «ዖድ አርባዒም ዮም» ይላል፤ ነነዌ ልትገለበጥ ገና አርባ ቀን ቀርቷታል ማለት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ ግሪክኛ የተመለሰው የሰብዓ ሊቃናት ትርጉም ግን ሦስት ቀን ይላል። የግእዙ ብሉይ ኪዳን የተተረጎመው ከዚያ ስለሆነ የእኛ ሰው ጆሮ የለመደው ሦስቱን ነው።

የአሠሪዎቼ መመሪያ «ከመጀመሪያው ቋንቋ በቀጥታ» ስለሚል አርባ ብዬ ጻፍኩ። ሰብዓ ሊቃናት ሦስት እንደሚሉ በግርጌ ማስታወሻ አመለከትኩ። ረቂቁ ያለ አንዳች ተቃውሞ አለፈ።

ማተሚያ ቤት ሊገባ ሲል ስልክ ተደወለልኝ። «ልጄ፣ ይቺን አርባ ሦስት አድርጋት» አሉኝ የሚያሠራኝ ኮሚቴ ሰብሳቢ። መጀመሪያ 43 በል ያሉኝ መስሎኝ ነበር! ምክንያታቸው የነነዌ ጾም ሦስት ቀን ስለሆነ ምእመናን ይደናገራሉ የሚል ነው። ሰኞ ገብቶ ረቡዕ የሚያልቀውን ጾም ማን ነካው? ምዕራፉ እኮ ሕዝቡ ስንት ቀን እንደ ጾመ አይናገርም፤ ቁጥሩ ለከተማዋ የተሰጠው ቀጠሮ ነው።

እሺ፣ ከላይ ሦስት ይሁን፣ ዕብራይስጡ አርባ እንደሚል ግርጌ ላይ ይጻፍ አልኩ። «ማስታወሻ ጥርጣሬ ይዘራል» ተባልኩ። እንግዲያው ሽፋኑ ላይ «ከዕብራይስጥ በቀጥታ የተተረጎመ» የሚለው ይነሣ አልኩ። እሱም አይሆንም፤ ለጋሾቹ ገንዘብ ያወጡት ለዚያ ነዋ! ይህን ሲነግሩኝ ቅንጣት አላፈሩም። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ነገሩ አዲስ ቢሆን አንድ ነገር ነው። የሰሜን አፍሪካው ጳጳስ አውግስጢኖስ በ5ኛው መቶ ዘመን ይህችኑ ቁጥር አንሥቶ፣ ዮናስ በአፉ የተናገረው አርባውን ነው፣ የሰብዓ ሊቃናት ሦስት ግን ምሥጢር አለው ብሎ ሁለቱንም ይዟል፤ ሦስቱን ለትንሣኤ፣ አርባውን ለዕርገት ሰጥቶ።

ተቃውሞ ይመጣል ብዬ የጠበቅኩት ከኮሚቴው አባል ከአንድ አረጋዊ መሪጌታ ነበር። እሳቸው ግን ፈገግ ብለው «የትርጓሜ ቤት ሰው በዚህ ይደነግጣል እንዴ? አንድም ሦስት፣ አንድም አርባ ብለህ ሁለቱንም ታስቀምጣለህ» አሉ። እውነታቸውን ነው። የአንድምታ መምህራን «አንድም፣ አንድም» እያሉ ፍቺ በፍቺ ላይ ሲደረድሩ የኖሩት ሃይማኖት ጎድሎባቸው አይደለም። የፈሩት መሪጌታውን ሳይጠይቁ በእሳቸው ስም የሚፈሩት ባለ ቢሮዎች ናቸው። ድምፅ ሲሰጥ ግን መሪጌታ ብቻቸውን ቀሩ።

መጽሐፉ ሦስት ቀን ብሎ፣ ያለ ማስታወሻ፣ ከነሽፋን ጽሑፉ ታተመ። ስሜን አስወጥቻለሁ፤ በዚህ አልጸጸትም።

ወረቀቱ እንግዲህ ይህ ነው፦ ከየትኛው ጽሑፍ እንደሚተረጎም፣ ጽሑፎቹ ሲለያዩ የትኛው ከላይ የትኛው ከግርጌ እንደሚገባ፣ ማስታወሻም ያለ ተርጓሚው ፈቃድ እንደማይነሣ። «መጀመሪያ ተርጉም፣ ልዩነቱ በግምገማ ይፈታል» የሚሉ አማካሪዎችን አትስሟቸው፤ በግምገማ ጊዜ ጉልበቱ የእናንተ አይደለም። ከማስፈረማችሁ በፊት ሦስት ቦታ ገልጣችሁ አሳዩዋቸው። ዮናስ 3፥4 አንዱ ነው። ዘፍጥረት 5፥3 ላይ አዳም ሴት የተባለውን ልጁን ሲወልድ የአዳም ዕድሜ በዕብራይስጡ 130፣ በሰብዓ ሊቃናት 230 ነው። 1ኛ ሳሙኤል 17፥4 ላይ የጎልያድ ቁመት በዕብራይስጡ ስድስት ክንድ ከስንዝር፣ በጥንታዊው የግሪክኛ ቅጂ አራት ክንድ ከስንዝር ነው። እዚያው ፊታቸው ከተለዋወጠ ሥራውን አትቀበሉ።