ገመድና ሎሚ፦ ከአራት የቡድን ሥራዎች በኋላ

ሰላም ጓደኞች። አምና በዚህ ጊዜ ብትጠይቁኝ «አንድ የቡድን ሥራ ከሚሰጡኝ ሦስት ፈተና ልፈተን» እል ነበር። ዘንድሮ እንደዚያ አልልም። ምን እንደተቀየረ በደብተሬ እየያዝኩ ቆይቻለሁና ዋና ዋናውን ላካፍላችሁ። የምማረው ጎንደር ነው፤ ሦስተኛ ዓመት ነኝ። እስካሁን አራት ትልልቅ የቡድን ሥራዎች ሠርቻለሁ። ሰዎቹን በስም አልጠራም። ዶርም ውስጥ እንደለመድነው በአገራቸው እጠራቸዋለሁ።

የመጀመሪያውን አላረዝመውም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ስድስት ሆነን ተመደብን፣ ሁለታችን ሠራን፣ አራቱ ስማቸውን አስገቡ። የፕሬዘንቴሽኑ ቀን ጠዋት አንዱ «የኔ ክፍል የቱ ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ አንጀቴ አረረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውን ሁለት ቦታ ከፈልኩት፦ የሚሠራና ላሽ የሚል።

ሁለተኛው ላይ መሪነቱን ራሴ ያዝኩ። ሥራውን አከፋፈልኩ። በተባለው ቀን ሁሉም አመጡ። ያመጡት ግን እኔ እንዳሰብኩት አልነበረም። የአንዱ አጭር ነው። የሌላው ከኢንተርኔት የተገለበጠ ይመስላል። የደብረ ታቦሯ ልጅ ደግሞ ረጅም ጽፋለች፤ አጻጻፏ ግን ከሌሎቹ ጋር አይሄድም። ማታ ላፕቶፔን ይዤ ተቀመጥኩና እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሁሉንም እንደ አዲስ ጻፍኩት። ውጤቱ ጥሩ መጣ። ሁሉም አመሰገኑኝ። እሷ ግን ዝም አለች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ምሳ ተሰልፈን ሳለ ከኋላዬ ሆና ተናገረች። «አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አላስቀረሽልኝም» አለችኝ። «ሦስት ቀን ላይብረሪ ተቀምጬ ነው የጻፍኩት። መድረክ ላይ ቆሜ ግን የማላውቀውን ነገር አነበብኩ።» አልተቆጣችም። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው የነገረችኝ። ከዚያ ምግቧን ተቀብላ፣ ትሪዋን ይዛ ሌላ ጠረጴዛ ሄደች።

ይህ ነገር ለሳምንታት አልለቀቀኝም። እኔ ለቡድኑ ስል እንቅልፌን ያጣሁ መስሎኝ ነበር። እሷ ደግሞ ድካሟን የቀማኋት ሆኖ ነው የተሰማት። ሁለታችንም ትክክል ነበርን። ሰው ስለ ልግመኛ ብዙ ያወራል። ሥራውን ሁሉ ጠቅልሎ ስለሚወስድ ሰው ግን ብዙም ሲወራ አልሰማም። እኔ እሱ ነበርኩ። ለሌሎች ክፍል ስሰጥ እንኳ ከልቤ አልነበረም የምሰጠው።

ሦስተኛው በሰላም አለቀ። መምህሩ ራሱ ክፍል ክፍሉን አድሎን ነበር። በየገጹ ግርጌ የሠራው ሰው ስም እንዲጻፍም አዘዘ። ያኔ «ጥሩ ልጆች ደረሱኝ» ብዬ አለፍኩት።

አንደኛ ዓመት ላይ ጄኔራል ሳይኮሎጂ ስንማር ለፈተና የቸከልኩትና የረሳሁት አንድ ነገር ነበር። ዘንድሮ ተመልሼ አነበብኩት። ማክስ ሪንግልማን የሚባል ፈረንሳዊ የግብርና መሐንዲስ ሰዎችን ገመድ እያስጎተተ ጉልበታቸውን ለካ። ውጤቱን ያሳተመው በ1913 እ.ኤ.አ. ነው። አንድ ሰው ለብቻው ሲጎትት ያለውን ጉልበት 100 ብንለው፣ ሁለት ሲሆኑ የእያንዳንዱ ወደ 93 ይወርዳል። ሦስት ሲሆኑ 85። ስምንት ሲሆኑ 49። ስምንት ሰው ተሰብስቦ የአራት ሰው ያህል እንኳ አልጎተተም ማለት ነው። ከፊሉ አለመናበብ ነው፤ አንዱ ሲስብ ሌላው ትንፋሹን ይሰበስባል። ከፊሉ ግን ሌላ ነው። በ1979 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ላታኔ፣ ዊልያምስና ሃርኪንስ የተባሉ ተመራማሪዎች ተማሪዎችን ዓይናቸውን ሸፍነው፣ ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ አድርገው «ጩኹ» አሏቸው። ተማሪው ከሌሎች ጋር የሚጮህ ከመሰለው፣ ብቻውን እየጮኸም ቢሆን፣ ድምፁ ይቀንሳል። ከሁለት ዓመት በኋላ እነዚሁ ሰዎች ነገሩን ቀየር አደረጉት። የእያንዳንዱ ድምፅ ለብቻው እንደሚለካ ተማሪዎቹ ሲያውቁ፣ መለገሙ ጠፋ።

ሦስተኛው ቡድን ትዝ ያለኝ እዚህ ላይ ነው። በየገጹ ግርጌ ስም ነበረበት።

ለገና ቤት ስገባ ይህንኑ ለአባቴ አወራሁት። ቤተሰቦቼ ደምቢያ ናቸው፤ አራሾች ናቸው። አባቴ የገመዱን ነገር በጽሞና ሰማኝና «ወንፈል ላይ እንዲህ አይሆንም» አለኝ። ለምን አልኩት። «አረም ስንገባ ጎን ለጎን ነው የምንሰለፍ። ሁሉም ፊት ለፊቱ ያለውን ይዞ ይሄዳል። የለገመ እንደሆነ ከኋላው አረሙ ቆሞ ይታያል። ደግሞስ ዛሬ እዚያ ሰው ማሳ ላይ ብለግም፣ ነገ የኔ ማሳ ላይ ማን ይመጣልኛል?»

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። እስከዚያ ቀን ድረስ ተረቱ ሸክም ስለማቅለል ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሎሚ ግን በእጅ ይያዛል። ማን እንደያዘ፣ ማን እንዳልያዘ ይታያል። ገመድ ላይ አይታይም። ትምህርት ቤት እያለን የነበረውን የ1 ለ5 አደረጃጀት የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። እኛ ክፍል አምስቱም የሚያስረክቡት አንድ ጎበዝ ልጅ የሠራውን ነበር። ያ ገመድ ነው። ደብተሬ ላይ በትልቁ «ገመድ ወይስ ሎሚ?» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ሥራ ሲሰጠን መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነው።

አራተኛው ሥራ የመጣው ከጥምቀት በኋላ ነው። ጎንደር ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። የኛ ሥራ ሰዎች በፈረቃው መሀል እንዴት እንደሚኖሩ ቤት ለቤት እየዞሩ መጠየቅ ነበር። ስድስት ሰው፣ 60 መጠይቅ፣ ለእያንዳንዳችን አሥር። እኔ አንድ ሐሳብ አቀረብኩ፦ እያንዳንዱ ወረቀት ጥግ ላይ የጠየቀው ሰው የስሙን የመጀመሪያ ፊደልና ሰፈሩን ይጻፍ። ተስማማን። ቴሌግራም ላይ ስድስት አውራ ጣት ተደረደረ። በነገራችን ላይ አውራ ጣት ስምምነት አይደለም። «አይቻለሁ» ማለት ብቻ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ወረቀቱን ላይብረሪ ጠረጴዛ ላይ ሰበሰብን። እኔ እየቆጠርኩ ነበር። የአብዛኞቻችን ወረቀት ተጣጥፏል፣ ጠርዙ ተጨማድዷል። የአዘዞዋ ልጅ አንዱ ወረቀት ላይ የቡና ጠብታ አለበት። የደባርቁ ልጅ አሥር ወረቀት ግን ከኮፒ ቤት እንደወጣ ነው። በአሥሩም አንድ እስክሪብቶ። በአሥሩም ቤት አምስት ሰው ይኖራል። በአሥሩም ቤት መላሿ እናት ናት። በአሥሩም ቤት ውኃ በሳምንት አንድ ቀን ይመጣል።

የመጀመሪያ ሐሳቤ ምን እንደነበር ልንገራችሁ። ወረቀቶቹን ደብቄ፣ ቅዳሜና እሑድ ብቻዬን ወጥቼ አሥሩንም ቤት ልሞላ ነበር። ማንም ሳያውቅ። የሁለተኛው ቡድን አመሌ ተመልሶ መጣ።

የአዘዞዋ ልጅ ፊቴን አይታ ወረቀቶቹን ከእጄ ወሰደች። አገላበጠቻቸው። «ይሄ ካለበት የኔን ስም አታስገቡ» አለች። የወረታው ልጅ «ለመምህሩ እንንገር» አለ። እሷ «መጀመሪያ እሱን እንጠይቀው፤ ሰው ፊት ግን አይሆንም» አለች። ይህችን ልጅ ከዚያ በፊት ዝምተኛ ናት ብዬ ብቻ ነበር የማውቃት። በስብሰባ ላይ አሥር ቃል አትናገርም። በዚያች አምስት ደቂቃ ውስጥ ግን ከሁላችንም የበለጠ ሰው ሆና አየኋት። ውሸቱን አልተቀበለችም፤ ልጁንም አላዋረደችም። ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ እንደሚቻል አላውቅም ነበር።

ውጭ ዛፍ ሥር ተቀምጠን ጠየቅነው። ትንሽ ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ ነገረን። ሁለት ቤት አንኳኩቷል። አንደኛው ጋ ውሻ አባረረው። ሁለተኛው ጋ ሴትየዋ «ማን ልኮህ ነው? ምን ልታስመዘግበን ነው?» ብለው በሩን ዘጉበት። «ከዚያ በኋላ እጄ በር ላይ አልሄድ አለኝ» አለ። ማታ ዶርም ውስጥ አልጋው ላይ ሆኖ ሞላቸው።

እኔ ለገመ ብዬ ነበር። የቸገረው ፍርሃትና ሐፍረት ነው። ይህን ስል ግን ያደረገውን ቀላል ነው እያልኩ አይደለም። በፈጠራ ቁጥር ሪፖርት መጻፍ፣ ጀሪካን ተሸክመው ዳገት በሚወጡ እናቶች ላይ መዋሸት ነው። ይህንንም ነገርነው። አሥሩን ወረቀት ራሱ ቀደደው። ከዚያ ሁለት ሁለት ሆነን ለመውጣት ወሰንን። እኔ ከሱ ጋር ደረሰኝ።

ቅዳሜ ጠዋት በቀሃ በኩል ወጣን። ለጀማሪ የሚጠቅም ነገር እዚህ አለ። በር አንኳኩቶ በሩ ላይ መደቀን አይደለም፤ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ቆሞ «ቤቶች!» ማለት ነው። ሰላምታው ሳያልቅ ወረቀት አይወጣም። ተማሪዎች መሆናችንን፣ ስም እንደማንጽፍ፣ እርዳታም ሆነ ቅጣት እንደማናመጣ አስቀድሞ መናገር ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቤቶች እኔ ጠራሁ፣ እሱ ጻፈ። ሦስተኛው ላይ «ቤቶች» አለ፤ ድምፁ ለኔም አልተሰማኝም። አራተኛው ላይ ከፍ አድርጎ ሲጠራ ከውስጥ «ግቡ ልጆቼ!» የሚል ድምፅ መጣ። ዞሮ አየኝ። ፊቱን እስካሁን አልረሳውም።

አምስተኛው ቤት በረንዳ ላይ ቢጫ ጀሪካኖች ተደርድረዋል። አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ስንት ሆናችሁ ነው የምትሠሩት ብለው ጠየቁን። ስድስት አልናቸው። እሳቸው የድሮ ሳኒታሪያን፣ ማለትም የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ ናቸው። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1954 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒታሪያን ያሠለጥን ነበር። ለተግባር ልምምድ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ የሚወጡት ግን በአንድ ቡድን ሆነው ነው። እሳቸውም እንደዚያ ነው የተማሩት። «ነርሷ እናቶቹን ካላናገረች፣ እኔ ምንጭ ባጎለብት ማን ይቀዳል?» አሉን። «መኮንኑም ቢሆን ያለኛ ያው ሲያክም ይኖራል እንጂ በሽታው አይቆምለትም።» ሦስት ሰው፣ ሦስት ሙያ፣ አንዱ የሌላውን አይሸፍንም። ሎሚ ማለት ይኸው ነው።

ከዚያ ወደ ደባርቁ ልጅ ዞሩ። «አንተ ከስድስቱ ምንድን ነህ?»

ትንሽ አሰበና «ጻፊ ነኝ አባባ» አላቸው።

«እንግዲያስ በደንብ ጻፍ። ውኃ ካየን ዛሬ ዘጠኝ ቀናችን ነው።»

ዘጠኝ ብሎ ጻፈ። ከዚያ ወረቀቱን ትንሽ ሲያየው ቆየ። ምን እንዳሰበ አልጠየቅኩትም።

የቀረውን ባጭሩ። መረጃው ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ከሁላችንም ጠንቃቃ ሆኖ የተገኘው እሱ ነው። እኔ ያስገባሁት ላይ ሳይቀር ሁለት ስሕተት አግኝቶ ወረቀቱን ይዞ መጣ። ፕሬዘንቴሽኑ ላይ መምህሩ ሠንጠረዡን አመስግኖ ማን እንደሠራው ጠየቀ። የወረታው ልጅ «እኔ ነኝ ያስተባበርኩት» አለ። የአዘዞዋ ልጅ በለሰለሰ ድምፅ «የሠራው ግን እሱ ነው» ብላ ወደ ደባርቁ ልጅ አመለከተች። የሰው ጠባይ በሥራው ሰዓት ብቻ የሚታይ ይመስለኝ ነበር። ምስጋና የሚታደልበት ሰዓት ይበልጥ ይናገራል። የወረታውን ልጅ ክፉ ነው አልልም፤ እኔም ሁለተኛው ቡድን ላይ ምስጋናውን ለብቻዬ ወስጃለሁ።

አሁንም የሚከብደኝ አንድ ነገር አለ፤ የሰው ጽሑፍ ሳይ እጄን ይበላኛል። ባለፈው ሐሙስ ማታ ለማስረከብ የቀረውን የመጨረሻ ሪፖርት ከፈትኩ። የደባርቁ ልጅ ክፍል ውስጥ «ሰው የሚቆጥረው ውኃ የሚመጣበትን ቀን ሳይሆን የማይመጣበትን ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ለሪፖርት የሚሆን አልመሰለኝም። አጥቁሬው ጣቴን ማጥፊያው ላይ አደረግኩ። የደብረ ታቦሯ ልጅ ትሪዋን ይዛ ስትሄድ ታየችኝ። ተውኩት። ጎኑ ላይ «ይህን በቁጥር ብታስረዳው?» ብዬ አስተያየት ጻፍኩና ዘጋሁ።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ስከፍተው ዓረፍተ ነገሩ እንዳለ ነው። ከሥሩ አዲስ ሠንጠረዥ ገብቷል፦ 60ውም ቤቶች፣ ውኃ ካዩ ስንት ቀን እንደሆናቸው። ከሠንጠረዡ ግርጌ፣ በስተቀኝ ጥግ፣ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ጽፏል።