ቻርጅ ከማን ጋር ነው የመጣው?

የእህቴ ልጅ ነርስ ናት። ወደ ውጭ ለመሄድ የእንግሊዝኛ ፈተና እያጠናች ነው። እኔም ከሜሪላንድ ለእረፍት መጥቼ ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ እነሱ ቤት ነው ያረፍኩት። ፀሐዩ በረድ ሲል በረንዳ ላይ አብረን እናጠናለን። ደብተሯ ከመሀል ተሰምሯል። በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ አማርኛው። «ቻርጅ» ከሚለው ፊት ለፊት «ማስከፈል» ብላ ጽፋለች። ልክ ናት። ግን ይቺን ብቻ ይዛ ሆስፒታል ሥራ ብትጀምር ገና በመጀመሪያው ቀን ትቸገራለች።

እኔ የምሠራው አዛውንቶች በሚጦሩበት ቤት ነው። ፈረቃ ስገባ መጀመሪያ የምፈልጋት ቻርጅ ነርሷን ነው። ሥራዋ ከገንዘብ ጋር አይገናኝም። የዚያ ፈረቃ ኃላፊ ናት፤ የአንዱ አዛውንት የደም ግፊት ከወረደ ለእሷ ነው የሚነገረው። «ሁ ኢዝ ኢን ቻርጅ?» የሚል ሰው «ኃላፊው ማነው?» ማለቱ ነው። «ቴክ ቻርጅ» ካሉህ ኃላፊነቱን ተረከብ እያሉህ ነው። ትንሽ ቆይቶ የበሽተኛ ማንሻው ባትሪ ያልቅና ቻርጅ ይደረግ ይባላል። ከሰዓት ደግሞ የአንዷ እናት ልጅ መጥታ ለፀጉር ሥራው «ኤክስትራ ቻርጅ» አለው ወይ ትላለች። ገንዘቡ ገና እዚህ ጋ መጣ። «ፍሪ ኦፍ ቻርጅ» ካሏት በነፃ ነው።

ይህን ሳወራላት «አቦ አክስቴ፣ አንድ ቃል ይህን ሁሉ ይሆናል እንዴ?» አለችኝ። ይሆናል። እሷም ልብ ሳትለው ሦስቱን ታውቀዋለች። ስልኳን ቻርጅ ታደርጋለች። ሆቴል ስትበላ ደረሰኙ ላይ ከ15 በመቶው ቫት ሌላ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ታያለች። ፍርድ ቤት ጉዳይ ያለበት ሰው «ቻርጅ ደረሰኝ» ካላት ደግሞ የክስ ወረቀት እንደተሰጠው ይገባታል። ስልኩና ክሱ ተምታቶባት አያውቅም። ቃሉን ብቻውን ሳይሆን ከአጃቢው ጋር ነው የለመደችው።

በራሳችን ቋንቋም እኮ እንዲሁ ነው። ትኬት ይቆረጣል። ተስፋ ይቆረጣል። የሠርግ ቀን ይቆረጣል። ዋጋም ይቆረጣል። አማርኛ የሚማር ፈረንጅ «ቆረጠ» ማለት በቢላ ነው ብሎ ብቻ ከያዘ፣ ቀን የሚቆረጠው በምንድን ነው ብሎ ግራ ይገባዋል። እኛን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም። ከነሙሉ ሐረጉ እየሰማን ነው ያደግነው። እንግሊዝኛንም እንደዚያው መያዝ ይሻላል እላለሁ። ከቃሉ ፊት ለፊት አንድ ትርጉም ከመጻፍ ይልቅ ቃሉ የመጣበትን ዓረፍተ ነገር እንዳለ መገልበጥ። ደብተሩ ቶሎ ያልቃል፤ ይለቅ።

ከሁሉም በላይ ወሳኞቹ ተማሪዎች የሚንቋቸው ትንንሾቹ ቃላት ናቸው። «ቻርጅድ ፎር» ከሆነ ገንዘብ ነው፤ ለአንድ ነገር አስከፈሉት። «ቻርጅድ ዊዝ» ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ከ«ዊዝ» በኋላ የወንጀል ስም ከመጣ ሰውየው ተከሷል፤ የሥራ ስም ከመጣ አደራ ተሰጥቶታል። አንዲት ትንሽ ቃል ከካሸር ወደ ፖሊስ ጣቢያ ትወስዳለች።

የአባቴ ጓደኛ የነበሩ አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ አሉ። ሊጠይቁን መጥተው ስንጨቃጨቅ ሰሙን። ባቡሩ ድሬ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው፤ ከተማዋም የተቆረቆረችው በእሱ ሰበብ ነው። የድርጅቱ ሥራ በፈረንሳይኛ ስለነበር የዚያ ዘመን ሠራተኛ ቋንቋውን ያውቀዋል። ለገሀር የምንለውም ከዚያው የመጣ ነው። «ልጄ፣ ሻርዤ ማለት እኮ መጫን ነው» አሉኝ። «ፉርጎ ስንጭን የምንለው ነበር።»

እውነታቸውን ነው። እንግሊዝኛው ቃሉን የወሰደው ከፈረንሳይኛ ነው፤ ፈረንሳይኛውም ከላቲን፣ ጋሪ ከሚለው ቃል። ኃላፊነት ሰው ላይ ይጫናል፣ ክፍያ ዕቃ ላይ ይጫናል፣ ክስ ተከሳሽ ላይ ይጫናል፣ ኃይልም ባትሪ ላይ። የእህቴ ልጅ ደስ አላት። እኔም ደስ አለኝ። ግን ሥሩን ማወቅ ለመረዳት እንጂ ለመናገር አይበቃም። «ፕረስ ቻርጅስ» የሚባለውን፣ ሰው እንዲከሰስ መጠየቅን፣ ሥሩን አይተህ አትገምተውም። መስማት አለብህ።

ይህን ሁሉ የማወራው ለፈተና ብቻ ብዬ አይደለም። እዚያ ሜሪላንድ እንደ እናቴ የማያቸው አንዲት የድሬዳዋ፣ የሳቢያን ሰፈር ሴት አሉ። አንድ ቀን እያለቀሱ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ከሰሱኝ» አሉ። በረርኩ። ሆስፒታል ሁለት ሌሊት ተኝተው ነበር፤ ከዚያ የመጣ ወረቀት ነው። ከላይ በትልቁ «ቶታል ቻርጅስ» ይላል፤ አጠገቡ የሚያስደነግጥ ቁጥር። ወንድማቸው ድሬ ተከሶ በነበረ ጊዜ «ቻርጅ ደረሰው» ሲባል ሰምተዋል። ቃሏን አልረሷትም። እንዴት ይርሷት?

ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን መስመር በመስመር ሄድንበት። አልጋ፣ የደም ምርመራ፣ ራጅ፣ መድኃኒት። «ቶታል ቻርጅስ» ሆስፒታሉ የጠራው ሙሉ ዋጋ ነው፤ እሳቸው የሚከፍሉት ማለት አይደለም። ኢንሹራንሱ የሚሸፍነውና የሚቀነሰው ተቀንሶ የሚቀረው ታች «አማውንት ዱ» በሚለው ላይ ነው ያለው። ቁጥሩ በጣም ያነሰ ነበር። ወረቀቱን ስገለብጠው ጀርባው ላይ በብዙ ቋንቋ የተጻፈ ማስታወቂያ አለ። አማርኛም አለበት። አስተርጓሚ በነፃ እናቀርባለን ይላል። በእንግሊዝኛው «ፍሪ ኦፍ ቻርጅ» ነው የሚለው። ፊቱ ላይ ያስለቀሳቸው ቃል ጀርባው ላይ ለእርዳታ ተጽፏል። ያን የአማርኛ መስመር ጮክ ብለው ደጋግመው አነበቡት።

ደወልን፤ አስተርጓሚ ጠየቅን። ዝርዝር ሂሳብ «አይተማይዝድ ቢል» ይባላል፤ ላኩልን አልናቸው። «ፋይናንሻል አሲስታንስ» የሚባለውንም ቅጽ አስላክን። በአሜሪካ ለትርፍ ያልቆሙ ሆስፒታሎች አቅም ለሌለው ሰው የሚረዱበት የተጻፈ ደንብ እንዲኖራቸው ሕጉ ያስገድዳል። ብዙ ሰው ስሙን ስለማያውቀው ብቻ ሳይጠይቅ ይከፍላል። ይህ ያናድደኛል። እሳቸው ቅጹን ሞልተው ላኩ፤ ዕዳው ቀለለላቸው።

«ፕረስ ቻርጅስ»ን ሳልጨርሰው እንዳልሄድ። ከሰው ጋር ተጋጭታችሁ ፖሊስ መጥቶ «ዱ ዩ ዎንት ቱ ፕረስ ቻርጅስ?» ቢላችሁ፣ ስለ ክፍያ አይደለም የሚጠይቃችሁ። ያ ሰው እንዲከሰስ ትፈልጋላችሁ ወይ ነው። ለመክሰስ የሚወስነው ዐቃቤ ሕግ ቢሆንም የእናንተ መልስ ይመዘገባል። ስለዚህ ካልገባችሁ «የስ» አትበሉ፤ መጀመሪያ አስተርጓሚ ጠይቁ። «ድሮፕድ» ከተባለ ክሱ ቀርቷል ማለት ነው።